የጀርባ በረንዳው አተር

እናቴ ለባልዲዎቹ ቀዳዳ የበሳችላቸው ከሥራቸው ሳይሆን ከጎናቸው ነበር። ሚስማሩን እሳት ላይ እስኪቀላ ትተወውና በወፍራም ጨርቅ ይዛ ወደ ፕላስቲኩ ታስጠጋዋለች፤ ፕላስቲኩ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ልስልስ ይልና መንገድ ይለቅላታል። ከባልዲው ግርጌ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ አጠገብ ትደረድራለች። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ሰሞን መምህራችን በእርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ አብቅላ ስላሳየችን በዘር ጉዳይ ራሴን እንደ አዋቂ እቆጥር ነበር።

«እማዬ፣ መምህሯ ከሥር ነው የሚበሳው ብላለች። ውሃው ወደ ታች እንዲወርድ።»

«የመምህርሽ ባቄላ ብርጭቆ ውስጥ ነው ያለው። የት ይወርዳል?»

«ግን እኮ ሥሩ ይበሰብሳል ብላለች።»

«አንቺ ልጅ፣ አፈሩን አቀብይኝ።»

አቀበልኳት። አሸዋ የበዛበት፣ ከብስባሽ ጋር የተቀላቀለ፣ ውሃ ሲፈስበት ወዲያው የሚያሳልፍ አፈር ነበር። ባልዲዎቹን ሞልታ ከጀርባ በረንዳው ግድግዳ ጋር አጣብቃ ደረደረቻቸው፤ ቀዳዳዎቹን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። እናቴ ስለ አትክልት ምንም እንደማታውቅ የዚያን ዕለት ደመደምኩ። አዘንኩላትም።

ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቦታው ሲገዛ እሱ መንገድ ላይ ስለነበር በታላቅ ወንድሙ ስም አስመዘገበው፤ «ወንድሜ አይደል፣ በእሱ ሆነ በእኔ ምን ለየው» አለ። ከዚያ ከየጉዞው በተመለሰ ቁጥር አንዳንድ ግድግዳ እያቆመ፣ እናቴ ውሃ እየቀዳችና ጡብ እያቀበለችው፣ ቤቱን በእጁ ጨረሰው። አንድ ቀን መኪናውም እሱም ገደል ገቡ። ጎረቤቶች ለቀብሩ ያዋሱንን ወንበር ገና መልሰው ሳይወስዱ አጎቴ ሻንጣውን ይዞ መጣ።

አጎቴ የቀለም ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ከሩቅ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። በጥፍሮቹ ጥግ ሁልጊዜ አንድ ቀለም አይጠፋም፤ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ክሬም። ከፋብሪካው የቀለም ናሙና ካርዶች እያመጣ ይሰጠኛል፤ እኔ መሬት ላይ ደርድሬ ከተማ እሠራባቸዋለሁ። «ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም» የሚል አባባል ነበረው፤ ስለ ግድግዳም፣ ስለ ሰውም፣ ስለ ጥቁር ደመናም ሲያወራ ይላታል። ሚስቱ ትታው ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ እሷም ይህንኑ ሲል ሰምቻለሁ። እወደው ነበር። ሌላ የምወደው ወንድ በቤቱ አልነበረም።

የአባቴንና የእናቴን መኝታ ክፍል ያዘ። በቤቱ ትልቁ ክፍል እሱ ነው፤ የአልጋው ራስጌ የተጠጋበት ግድግዳ ጀርባው የጓሮው በረንዳ ነው። እኔና እናቴ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባን። እናቴ ለውጡን ስታስረዳኝ «አጎትሽ ቤቱን ሊጠብቅልን ነው የመጣው» አለችኝ። አምኜ አደርኩ።

ከዚያ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጠረጴዛ ሥር ካርዶቼን ደርድሬ ስጫወት ሁለቱ ከላይ ያወሩ ነበር። የሚታየኝ የአጎቴ ጫማና የእናቴ ባዶ እግር ብቻ ነው።

«አስፋልቱ እዚህ ሰፈር ሲደርስ የቤቱ ዋጋ ይሰቀላል» አለ አጎቴ። «ያኔ እንሸጠዋለን።»

«እንሸጠዋለን?»

«እሸጠዋለሁ ማለቴ ነው። በስሜ ነው እኮ።»

«እኛስ ጋሼ?»

«አንቺ ገና ወጣት ነሽ። ወደ ወላጆችሽ ትመለሻለሽ።»

«ወላጆቼ መቃብር ውስጥ ናቸው።»

«እንግዲህ ዘመድ አይጠፋም። እኔ ምን ላድርግ? የሟቹ ወንድሜ ሚስት እንኳ ብትሆኚ እያየሁ ሀብቴን አላስበላም።» ጫማው ትንሽ ተወዛወዘ። «ሻይ የለም?»

«አለ» አለች እናቴ። ተነስታም ቀዳችለት።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አስፋልት እንደሚመጣ ነበር። ብስክሌት እንደሚገዛልኝ አሰብኩ።

በማግስቱ ማለዳ ሽንት ቤት ስሄድ እናቴን በጀርባ በረንዳው ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። በማንኪያ ጀርባ የግድግዳውን ግርጌ ቀስ እያለች ትመታለች፤ ትመታና ጆሮዋን ትለጥፋለች። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብላ እንደገና ትመታለች። አባቴን የምታናግር መሰለኝ። ግድግዳውን እሱ ስለሠራው ውስጡ የቀረ ነገር ይኖራል ብዬ፣ እንዳልረብሻት በእግሬ ጣቶች ተመለስኩ።

ማንኪያው ምን ይፈልግ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ የኋላውን ግድግዳ ሲጀምር በእሳት የተተኮሰ ጡብ አልቆበት ነበር። ግርጌውን ባልተተኮሰ የጭቃ ጡብ አንስቶ በሲሚንቶ ለሰነው፤ ሲመቸኝ እቀይረዋለሁ፣ ውሃ ካላገኘው ለልጅ ልጅ ይቆያል ብሏት ነበር። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። የተረፈችው ደግሞ የጭቃው ጡብ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ በማንኪያ ትፈልግ ነበር።

እኔም በጊዜዬ ባሌን ቀብሬአለሁ። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም። ይህን ብቻ እላለሁ፦ በቀብር ማግስት ለጠላት ሻይ ስትቀዳ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ተረጋግታ እንዳይመስላችሁ።

ግድግዳውን በማንኪያ ስትመታ ያየኋት ዕለት ማታ እናቴ ለአጎቴ ውሃ አቅርባ እያስታጠበችው «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት» አለችው። «ከመጋዘን ባዶ የቀለም ባልዲ ካለ ቢያመጡልኝ። ለልጅቷ ትንሽ አተርና ባቄላ ልዝራላት።»

«እሰይ» አለ አጎቴ። «ሴት እጇ ሥራ ከያዘ ልቧ ያርፋል። ስንት ይበቃሻል?»

«ያገኙትን ያህል።»

በፋብሪካው መኪና ጭኖ አመጣላት። አውርዶ ራሱ በረንዳው ድረስ ተሸከማቸው፤ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ፣ እናቴም «ኧረ ይተዉት፣ ይጎዳዎታል» እያለችው። እኔ ከኋላቸው ክዳኖቹን እንደ ከበሮ እየመታሁ ተከተልኩ።

አተርና ባቄላ ሲበቅል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ባቄላው ጎበጥ ያለ አንገቱን ያስቀድማል፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ የሚወጣ ሰው ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ቀና ይልና ቅጠሉን ይዘረጋል። አተሩ ቀጭን ነው፤ ከቅጠሉ ጫፍ ክር የመሰለ እጅ ያወጣና ያገኘውን ይይዛል። እናቴ ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድራ፣ በጣቷ ጉድጓድ እየሠራች አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ከባልዲዎቹ እስከ በረንዳው ጣሪያ ሲባጎ ወጠረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ አተሩ የትኛውን ሲባጎ እንደያዘ ለማየት እሮጥ ነበር። ጣቴን አስጠግቼ ብጠብቅ ጣቴንም የሚይዘው ይመስለኝ ነበር። ባቄላው ሲያብብ ነጭ አበባው መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ በረንዳው በሙሉ ጣፋጭ ሽታ ሸተተ። ከቀለም ማቅጠኛ ሌላ የሚሸተን ነገር ካገኘን ቆይተን ነበር።

መጀመሪያ ውሃ የምታጠጣው እናቴ ነበረች። ዳቦ ቤት ሻጭ ስለነበረች ግን ማለዳ ትወጣለች። አንድ ቀን አጎቴ ሥራ አልነበረውም፤ ማጠጫውን አንስቶ ባልዲዎቹን አረሰረሳቸው። ማታ እናቴ ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ማነው ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ ደረቱን ነፍቶ። «አበዛሁበት እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ። እጅዎ ዘር ያውቃል። ቅጠሉን አያዩትም? ሳቀልዎት እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ አትክልተኛ ሆነ። ማለዳ ጥርሱን ሳይፍቅ ያጠጣል፤ ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን ሳይቀይር ያጠጣል። እናቴ ደግሞ በየጊዜው «እኔ ሳጠጣው ይጠወልጋል፣ እርስዎን ነው የለመደው» ትለዋለች። ውሃው አሸዋማውን አፈር አልፎ ይጠፋል፤ ባልዲዎቹ ፊት ያለው የበረንዳ ወለል ጠብታ ሳይነካው ደረቅ ሆኖ ያድራል። «አየሽ» ይለኛል አጎቴ፣ «ጠብ ሳይል ነው የጠጣው። ጥማት ማለት ይህ ነው።» የሱ መደነቅ ያስደስተኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው ለአንድ ነገር ሲጨነቅ የመጀመሪያችን ነበር።

የእናቴ ጓደኛ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበረች። መርፌ ከከንፈሯ ሳታወጣ የምታወራ፣ የሰፈሩን ሁሉ ወገብ ልክ በቃሏ የምታውቅ ሴት። አንድ እሑድ መጥታ በረንዳው ላይ ከእናቴ ጋር እሸት እየፈለፈሉ ሳለ አጎቴ ማጠጫውን ይዞ መጣ፣ አጠጣ፣ እየፎጨ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ማጠጫውን አየች፣ ደረቁን ወለል አየች። «አንቺ ሴትዮ፣ አተርሽ ዋናተኛ ነው እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው የሚያጠጡት። እጃቸውን ይዤ አልከለክላቸው።»

ልብስ ሰፊዋ አንዱን ባልዲ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ከኋላው አየች። መልሳ አስጠጋችው። መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው፤ እንዲህ ስታደርግ አይቼ አላውቅም።

«አስፋልቱ መቼ ይደርሳል አሉ?»

«በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናብ ሳይገባ።»

«ይደርስልሻል?»

«አተር ፈጣን ነው» አለች እናቴ። «ባቄላው ትንሽ ይቆያል። ግን ደግሜ እዘራለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ፣ እናቴ ግን ድምፅ ሳታሰማ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለአስፋልቱ ምረቃ ለሠራተኞቹ እሸት ልናበላ ነው ብዬ ነበር።

ነጠብጣቡ መጀመሪያ የታየው ከአጎቴ ራስጌ በታች ነው። ጎህ ሲቀድ እንደሚታይ ደመና ግራጫ ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ሰፋ፤ ዳር ዳሩን ቢጫ መስመር አወጣ። ትምህርት ቤት ካየሁት ካርታ ጋር እያመሳሰልኩ ለአጎቴ ደሴቶቹን አሳየው ነበር። እሱ ግን የቀለም ሰው ነው። ከመጋዘን የዘይት ቀለም አመጣና ሙሉውን ግድግዳ ክሬም ቀባው። «ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም» አለ። ለጥቂት ጊዜ እውነቱን ነበር። ከዚያ ክሬሙ አበጠ፤ እንደ ፈላ ወተት አረፋ አወጣ። አረፋዎቹን በጣቴ መጫን እወድ ነበር፤ ሲፈነዱ የጉድጓድ ሽታ ይወጣቸዋል። አጎቴ ፍቆ ስቱኮ አደረገበት፣ ደግሞ ቀባው። አበጠ። ፍቆ ቀባው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን ለአየር ይተወው ነበር። የዘይት ቀለም እርጥበትን አፉን ዘግቶ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በቀባው ቁጥር ግድግዳው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ሥጋ ይበሰብስ ነበር። እናቴ ይህን አስቀድማ አስባ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄአታለሁ። «አላሰብኩም» አለችኝ። «እሱ ነው የጨመረልኝ።»

ሳል ጀመረው። እናቴ አዘነችለት፤ እኔ የማየው ይህንን ነበር። «ደረትዎ ደካማ ነው ጋሼ፣ ነፋስ ይመታዎታል» ብላ የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቀችው፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ማታ ማታ የአተር ሾርባ ትሠራለታለች። ሳህኑን የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ እንፋሎቱ ፊቴን እያሞቀኝ በዚያ ጨለማ ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል። በቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጫማዎቹ አረንጓዴ ጸጉር አብቅለው ነበር።

አንድ ማታ ሾርባውን እየጠጣ ሳለ «አጎቴ፣ እማዬን ያገቧታል?» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያልፍለት ወደ ወጥ ቤቱ አየ። «እናትሽ ሾርባ ታውቃለች» አለ። «እናያለን። ቤቱ ይሸጥና እናያለን። የምትሄድበት የላትም መቼም።»

በሩ ክፍት ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን የሚታጠብበት ድምፅ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። በማግስቱ እናቴ በረንዳው ላይ አዳዲስ ባልዲዎች ጨመረች። አጎቴ ያለውን ሰምታ ደስ ብሏት ነው አልኩ።

አስፋልቱ ደረሰ። የሞቀ ሬንጅ ሽታ ሰፈሩን ሞላው፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ትኩስ መሆኑን እየሞከሩ ይዘሉ ነበር። በማግስቱ አንድ ደላላ ባልና ሚስት ገዢዎች ይዞ መጣ። ሰውየው ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ ግቢውን አየ፤ ወደደ። ሴትየዋ መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቀለም ነው እመቤቴ» አለ ደላላው። «ትናንት የተቀባ ነው። ጋሼ የቀለም ሰው ናቸው፣ ለሌላው የማይገኝ ቀለም ነው የቀቡልዎት።»

ሴትየዋ ወደ ግድግዳው ሄዳ አውራ ጣቷን ጫነች። አውራ ጣቷ ገባ። እስከ አንጓዋ ገባ። ስታወጣው ቡናማ ጭቃ ይዛ ነበር፤ ለባሏ አሳየችው፣ ባሏም ለደላላው አሳየው፣ ደላላው ደግሞ አጎቴን አየ። ሲወጡ ደላላው በር ላይ «ጋሼ፣ ይህን ቤት ለዋና ክለብ ነው የምሸጥልዎት» ሲል ሰማሁ።

ቀጥሎ ግንበኛ መጣ። በጠመንጃ መፍቻ ግድግዳውን ወጋ፤ ጭቃው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ግንበኛው ተነፈሰ። «ቤቱ ውሃ ላይ ነው የተቀመጠው» አለ። «ከሥር ምንጭ አለ።»

«ምንጭ? ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበር?»

«ምንጭ ዓመት አይቆጥርም ጋሼ። ጀርባውን ልየው።»

ወደ በረንዳው ወጣን። አተሩ ጣሪያ ነክቶ ወደ ታች ተመልሶ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ባቄላው ደረቴ ድረስ ነበር፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ አይታይም። እናቴና ልብስ ሰፊዋ እሸት እየቀጠፉ ነበር። ግንበኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ይኸው» አለ። «ማስረጃው ይኸው። ከሥር ውሃ ባይኖር እንዲህ ይለመልማል?»

«ባልዲ ውስጥ ነው እኮ» አለ አጎቴ።

«ባልዲውስ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። እናቴ ግን የግንበኛውን ዓይን እያየች «እኔም ሲገርመኝ ነበር» አለች፤ በፌስታል እሸት ሞልታም ሰጠችው። የምንጩ ወሬ በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ አንድም ደላላ በራችንን አላንኳኳም።

እናቴ ቸኮል አላለችም። ቀን ጠብቃ፣ ሾርባውን ራሷ ይዛለት ገባች። እኔ ከኋላዋ ዳቦውን ይዣለሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቆጡኝ።»

«ተናገሪ።»

«እኔስ ይውደቅብኝ፣ ምን ቀረኝ። ግን ቤቱ ልጅቷ ላይ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚያዘው ባለቤቱ ነው አሉ። ግንበኛውም አይቷል፣ ደላላውም ያውቃል፤ አላወቅሁም ማለት አይቻልም።» ሳህኑን አስተካከለችለት። «በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚህ ደረትዎ፣ እስር ቤት ማን ሾርባ ያመላልስልዎታል?»

አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ሲፈራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔም አብሬ ፈራሁ፣ እናቴን አቀፍኳት። ጎኗ እንጨት ሆኖ ነበር።

ስሙን ከቤቱ ላይ ለማንሳት የሮጠው እሱ ነው፤ ራሱ ጉዳይ አስፈጽሞ በእናቴ ስም አዛወረው። ከዚያ ጎረቤቶችን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ደረቱ እየጮኸ፣ በየመሐሉ እያረፈ፣ ለወንድሙ ነፍስ ሲል፣ ለሙት ልጅ ሲል፣ መብቱን እንደተወ ተናገረ። የሰዎች ልብ ተነካ። አንዳንዶቹ እጁን ጨበጡት። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ተባለ። እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጋሼ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እኔ ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም። እግዚአብሔር እንደ ሥራዎ ይክፈልዎት።»

«አሜን» አሉ ጎረቤቶች። «አሜን» አለ አጎቴም።

ከዓመት በኋላ በአስፋልቱ ሲያልፍ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ የበሰበሰውን ጡብ አስወጥታ በተተኮሰ አስተክታ፣ ግድግዳው ደርቆ ነበር። «ምንጩስ?» አለ አጎቴ። «ደረቀ» አለች እናቴ። ገባ፣ ግቢውን ዞረ። ባልዲዎቹ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ነበሩ፣ አተሩ አብቦ። አንዱን ባልዲ በጫማው ጫፍ ገፋው፤ ባልዲው ዞረ፤ በአንድ ጎኑ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች አየ። ጎንበስ ብሎ ሌላውን አየ። ከዚያ ሌላውን። ፊቱ ናሙና ካርዱ ላይ የሌለ ቀለም ሆነ። እኔ ደግሞ፣ ደግ አጎቴን ስላገኘሁት፣ እጁን ይዤ እወዛወዝ ነበር።

እናቴ እሸት በፌስታል ሞልታ እጁ ላይ አንጠለጠለችለት።

«ለሾርባ ጋሼ» አለችው። «እርስዎ ያጠጡት ዘር ነው፤ የእጅዎ ፍሬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ጥቂት ዓመት ኖሮ በሳንባው ሞተ። ሐኪሞቹ የቀለም ማቅጠኛው ነው አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እናቴ ቀብሩ ላይ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ቆመች፣ ወግ የሚጠይቀውን ሁሉ አደረገች፣ ተመልሳ እግሯን ታጥባ ራቷን በላች። በኋላም ተጸጽታ አላየኋትም። እኔም ስለ እሷ አልጸጸትላትም።

አጎቴ ንግግሩን አድርጎ የሄደበትን ቀን ግን ገና አልጨረስኩም። ሻንጣውን የፋብሪካው መኪና ላይ ጭነን እጄን እስኪደክመኝ አውለበለብኩለት። ስመለስ እናቴን ግቢው ውስጥ አጣኋት። የትልቁ ክፍል በር ተዘግቶ ነበር። ገፋሁት። መጋረጃውን ቀድዳ ጥላ፣ የመስኮቱን ጨርቆች ነቅላ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ድረስ ረጥቧል፣ ጸጉሯ ላይ ጭቃ አለ። ታለቅስ ነበር። ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ድምፁ ከሆዷ ነበር የሚወጣው።

አጎቴ ስለሄደ ነው አልኩ። ሾርባውን፣ መጋረጃውን፣ በየማለዳው ያጠጣላትን አሰብኩ። አጠገቧ ተቀምጬ ክንዷን ዳበስኩ።

«አይዞሽ እማዬ። ይመለሳል።»

«አይመለስም የኔ እናት።»

«ብንለምነውስ?»

«ብንለምነውም አይመለስም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሁለት እጇን ጭቃው ላይ ዘርግታ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልጠራውን የአባቴን ስም ጠራች።